በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ከጉርድ ሾላ ወደ ሰሚት በምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ሁለት የሕግ ሰዎችን ያከራክር ነበር። ጥያቄው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ለሚጽፉት ነገር ተጠያቂው ማነው የሚል ነው። የጻፈው ሰው ብቻ ነው ወይስ መጻፊያውን ያዘጋጀው ድርጅትም ጭምር? አንደኛው፣ ድምፁ የጠገበ ሰውዬ፣ “ገበያ መሀል ሁለት ሰው ቢሰዳደብ የገበያው ባለቤት አይከሰስም” ይላል። ተከራካሪው ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት፤ “ስድቡን በድምፅ ማጉያ ያሰማው እሱ ከሆነስ?” ትለዋለች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ “ሰሚት! ሰሚት! ጎሮ!” እያለ ያቋርጣቸዋል። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን በአውራ ጣቱ ይገፋል፤ ክርክሩ ስለ እሱ መሆኑ ጉዳዩም አልነበረም። እኔ ግን ሳዳምጥ መውረጃዬን አለፍኩ።

መውረጃ የማሳልፍ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ያሳለፍኩት፣ ወጣት ሳለሁ ለዚሁ ጥያቄ ደሞዝ ይከፈለኝ ስለነበረ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሕንጻ ላይ ነበር። ከታች ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ ከላይ የእኛ ዌብሳይት ቢሮ አለ። በክረምት ደረጃው ሥር አንዲት ሴት በቆሎ እሸት ስለምትጠብስ ሥራ የምንገባው ጭስ ጭስ እየሸተትን ነው። ዌብሳይቱን ሁላችንም “ሰሌዳው” እንለው ነበር። የአካባቢው ሰው የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ መታወቂያ፣ አስጠኚ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ ሠርግና ለቅሶ፣ ያሻውን ይጽፍበታል። እውነተኛ ስም አይጠየቅም፤ መጠሪያ መርጦ መግባት ነው። የእኔ ሥራ አቤቱታ የቀረበበትን ጽሑፍ አይቶ ማውረድ ነበር። አቤቱታ ያልቀረበበትን እንዳላነብ ደግሞ ተከልክያለሁ። ለማንበብ ተቀጥሮ እንዳያነብ የተከለከለ ሰው እኔን ብቻ ነው የማውቀው።

ክልከላውን ያወጡት ጋሽ መርሻ ናቸው። ብዙ ዘመን በዳኝነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ የድርጅቱ የሕግ አማካሪ የሆኑ፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማያወልቁ ሽማግሌ። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡና ሻያቸውን እያማሰሉ አስረዱኝ።

“ስሚ ማህደር፣ ሰው ግድግዳ ላይ ቢጽፍ ግድግዳው አይጠየቅም። ግድግዳው ማንበብ ከጀመረ ግን ግድግዳ መሆኑ ቀረ። አንብበሽ ዝም ካልሽ እንደተስማማሽ ይቆጠራል። ስለዚህ አታንብቢ። የሚመለከተው ሰው መጥቶ ‘ይህ ጽሑፍ ጎድቶኛል’ ሲል፣ ያን ጊዜ አንብቢ፤ ሳትውዪ ሳታድሪ አውርጂ። እንዲህ ካደረግን ሕግም አይነካን።”

“ባለጉዳዩ ራሱ ካላወቀስ?” አልኳቸው።

“ያላወቀው ነገር አይጎዳውም” አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሰውዬውን አላማቸውም። ሌላው ለሚጽፈው ሁሉ ተጠየቁ ቢባል ኖሮ ማንም ሰሌዳ አያቆምም ነበር፤ የሰሚቷ ባልቴትም ክፍሏን የምታከራይበት፣ ልጇ የጠፋባትም የምትጮህበት ቦታ አይኖራቸውም። ችግሩ ዓይን የሚባለው ነገር ትእዛዝ የማይሰማ መሆኑ ነው። ጽሑፎቹ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እየተከታተሉ ሲወርዱ ፊቴን ወደ ኮርኒሱ አነሳለሁ። እዚያ ላይ የማያቸው የውሃ ጠብታ ምልክቶች ራሳቸው ፊደል መምሰል ጀምረው ነበር።

ፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል። ዓይኔን ከኮርኒሱ ሳወርድ አንድ ጽሑፍ ላይ “ሰሚት” የሚል ቃል አየሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ የማውቀውን ስም። አነበብኩት።

“ወጣት ብሩክ፣ የእትዬ ፀዳለ ልጅ፣ በጅቡቲ መንገድ በደረሰ የመኪና አደጋ ማረፉን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። እናቱ አልሰማችም። መርዶው በወጉ እስኪነገራት ድረስ ጆሮዋ እንዳይገባ አደራ። ቡቹዬ፣ ነፍስህን በገነት ያኑራት።” የጸሐፊው መጠሪያ “ጎረቤት” ይላል።

እትዬ ፀዳለ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔና ከእናቴ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። በሕንጻችን ውስጥ እሳቸው መርፌ ያልወጉት ሰው የለም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው ብሩክ ብቻ ነው። ብሩክ ተሳቢ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ሲመለስ ደረጃው ላይ ሁለት ሁለት ረግጦ እየዘለለ ሲወጣ መላው ሕንጻ ያውቃል።

ተነሥቼ ጋሽ መርሻ ክፍል ገባሁና ያነበብኩትን ነገርኳቸው።

“ሐሰት መሆኑን ታውቂያለሽ?” አሉኝ።

“አላውቅም።”

“እውነት መሆኑንስ?”

“እሱንም አላውቅም።”

“እናትየው አቤት ብላለች?”

“ጋሽ መርሻ! እናትየው እንዳትሰማ እኮ ነው አገሩ ሁሉ የተማማለው። እንዴት ብላ አቤት ትበል?”

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ካፖርታቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። “ይህን ደንብ ያወጣ ሰው የእኛን አገር መርዶ አላሰበም” አሉ በመጨረሻ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በእኛ አገር የሞት ወሬ ሰፈሩን ዞሮ፣ ዕድር ተነግሮ፣ ድንኳኑ ከተወጠረ በኋላ ነው እናት ዘንድ የሚደርሰው። ደግነት ነው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው እንዳያጣ ነው። ይህን ወግ የምወድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጽሑፉን ስንት ሰው እንዳነበበው አንድ በአንድ የሚቆጥረውን ምልክት እያየሁ፣ ከአንዲት ሴት በቀር አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ገባኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ የሰሚት መንገድ ጭቃ ብቻ ነበር። ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከሕንጻ ሕንጻ ሆያ ሆዬ ይላሉ። እኛ ሕንጻ አጠገብ ሲደርሱ ግን ዘፈኑ ቆመ። አንድም ልጅ ቃል ሳይተነፍስ፣ ዱላውን ከመሬት አንሥቶ ይዞ፣ በመስኮቶቹ ሥር በእግሩ ጣት እየተራመደ አለፈ። የሚቀጥለው ሕንጻ ጋ ሲደርሱ “ሆ!” ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ትልልቆቹ አስጠንቅቀዋቸው መሆኑ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስደነግጥ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ደረጃው ላይ ሬዲዮ የለም፣ ጠብ የለም፣ የሚጮህ ሕፃን እንኳ የለም። እናቴ በሩን ከፍታ ስትጠብቀኝ ዓይኗ አብጦ ነበር።

“ሰምተሻል?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“አንብቤያለሁ። እማዬ፣ ማነው የነገራችሁ?”

“ማነው ይባላል እንዴ? ሁሉም ሰው ያውቃል። አባባ ቶላ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናርዳት ብለዋል፤ እህቷ ከደብረ ብርሃን እስክትደርስ ነው። አንቺ ደሞ ፊትሽን አስተካክዪ። ስልኳን እኔ ጋ ደብቄዋለሁ፣ ‘ባትሪው ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ’ ብዬ። ማን ደውሎ ምን እንደሚላት አይታወቅም።”

ተልባ በሰሐን ጨምራ ወደ ላይ ላከችኝ። እትዬ ፀዳለ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ሙልሙሉን በሰፌድ ደርድረው ተቀምጠዋል። ገና ከምድጃ የወጣው የዳቦ ሽታ ደረጃውን ሞልቶታል። ጠረጴዛው ላይ ሰው ያመጣላቸው ሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮና ቆሎ ተደርድሯል።

“ማሂዬ፣ ልጆቹ ዘንድሮ ምን ነካቸው? ሌላው ጋ ሲጨፍሩ እሰማለሁ፤ እኔ ጋ አንድም አልመጣም።”

“ዝናብ ፈርተው ይሆናል፣ እትዬ።”

“እኔ እንጃ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ወዶኛል። ውሃ ይቀዱልኛል፣ ቆሻሻዬን ይጥሉልኛል። ያቺ ታች ያለችዋ፣ ሰላምታ የማትሰጠኝ፣ ቅድም አቅፋ ሳመችኝ።” ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመና ዓይኔን አተኩረው አዩኝ። “ልሞት ነው እንዴ? የምታውቁት ነገር አለ?”

“ኧረ ምን ሆነው ነው!” አልኩ። ተልባውን ከሽሮው አጠገብ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ የዕድራችንን ዳኛ አባባ ቶላን ፍለጋ ወደ ጎሮ ወረድኩ። ሕንጻችን የቆመበት መሬት የእሳቸው ጤፍ ማሳ ነበር፤ ለሰሚት ሰው ሁሉ እንደ ባለአገር አባት ናቸው። ከቤታቸው ደጅ የባህር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው እንደማይታወቅ፣ ሰሌዳው ላይ ማንም ያሻውን እንደሚጽፍ ነገርኳቸው።

“ልጁ ጋ ደውለናል፤ አይሠራም” አሉ። “የመኪናው ባለቤት ደግሞ ‘ድንበሩን፣ ጋላፊን፣ አልፏል፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም’ አለ። እዚያ መንገድ ላይ ተሳቢ መገልበጡን የሾፌሮች ወሬ አለ። እሺ፣ አንቺ አልሞተም ትያለሽ?”

“አላውቅም፣ አባባ።”

“ያ ዋቅ! እኔም አላውቅም። ግን ልጄ፣ ሞቶ ከሆነ እናቱ በመንገድ ከሰው አፍ ትስማ? ነገ ሱቅ ወርዳ አንድ ሰው ‘እግዜር ያጽናሽ’ ቢላት ተጠያቂው ማነው?”

እሳቸውም እንደ ጋሽ መርሻ የሚጠየቀውን ሰው ነበር የሚፈልጉት።

ቢሮ ስገባ ጋሽ መርሻ ቆመው ጠበቁኝ። ሌሊቱን አስበውበት አድረዋል። “አንቺ የሕንጻው ነዋሪ ነሽ፤ አቤቱታውን በራስሽ ስም አቅርቢ፣ እኔ እቀበለዋለሁ። ከተሳሳትኩም ልሳሳት” አሉኝ። ጽሑፉ ወረደ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስሄድ ደረጃው ላይ ሴቶቹ ተኮልኩለው ያለቅሳሉ። እናቴ ክንዴን ይዛ፣ “በቃ እውነት ነው፤ ቤተሰቡ እናቱ እንዳታይ ብሎ አስጠፍቶታል” አለችኝ። ጥርጣሬ የነበራቸው ሰዎች እንኳ ያመኑት በመውረዱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከሰሌዳ የወረደው ግን አፋፉንም አልፎ ሄደ።

ቅዳሜ ጎህ ሊቀድ ሲል ሰዎቹ ደረጃውን ሞሉት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አባባ ቶላ ከፊት፣ ከደብረ ብርሃን የመጣችው እህት በሁለት ሴቶች ተደግፋ ከኋላቸው። የሚሰማው የእግር ኮቴና የአፍንጫ መሳብ ብቻ ነው። እናቴ “ነጠላዬን ከቁም ሳጥን አምጪልኝ” ብላ መለሰችኝ። ነጠላውን ስስበው ከሥሩ የእትዬ ፀዳለ ስልክ ወደቀ።

አንሥቼ ያዝኩት። ስንት ሰው ብሩክ ጋ እንደደወለ ስንቆጥር ነበር የሰነበትነው። ብሩክ ራሱ ወደ ቤቱ ደውሎ ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ለእናቱ አዝነን፣ ልጇ የሚያገኛትን ብቸኛ መንገድ ዘግተን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈናል። ከፈትኩት። ስልኩ አሮጌ ነው፤ እስኪነሣ ድረስ ይዤው ወደ ደረጃው ወጣሁ።

የእትዬ ፀዳለ በር ጋ ስንደርስ፣ አባባ ቶላ እጃቸውን ሊያንኳኩ እንዳነሡ፣ ስልኩ በእጄ ውስጥ ጮኸ። ያ ሁሉ ሰው ወደኋላ ሸሸ። አንዲት ሴት አማተበች። የስልኩ መስኮት ላይ የውጭ አገር ቁጥር ይታያል። አነሳሁት።

“እማ? እማ፣ ምነው ስልክሽን ዘጋሽው? ስሞት ስነሣ ስደውል!” የብሩክ ድምፅ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ሁሉም ሰማው። መኪናው ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ የእኛ አገር ስልክ እዚያ አልሠራ ብሎት፣ ከሰው ስልክ ነበር የሚደውለው።

ይህን ለማስረዳት ግን ጊዜ አልነበረም። እትዬ ፀዳለ የስልካቸውን ጥሪ ሰምተው በሩን ከፈቱ።

በሌሊት ልብሳቸው ቆመው አዩን። የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አዩ። እህታቸውን አዩ። መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ነርስ ናቸው፣ በስንት ሰው በር ላይ እንዲህ ቆመዋል። “ቡቹ ነው?” አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ወደቁ። እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ፣ “እትዬ፣ አልሞተም! ይኸው፣ ይኸው ያነጋግርዎታል!” እያልኩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደገፍኩት። አዳመጡ። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ስልኩን በጣታቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፉና ጠየቁኝ።

“ድምፁን ከየት አመጣችሁልኝ?”

ብሩክ በሳምንቱ መጣ። እናቱ ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ናፍጣ የሚሸት ሸሚዙን አሸተቱት፣ አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን፤ ሰውም “ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል” እያለ ሳቀ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ ጆሯቸው ላይ አያደርጉም። ብሩክ ከመንገድ ሲደውል እኔን ወይም እናቴን ይጠሩና፣ “አዳምጪው እስቲ፤ እሱ ከሆነ ንገሪኝ” ይላሉ።

አንድ ቀን የጻፈውን ሰው ፍለጋ ቢሯችን ድረስ መጡ። ጋሽ መርሻ ተነሥተው ተቀበሏቸው፣ ሻይ አዘዙላቸው፤ ከዚያ ሰሌዳ የሰው ጽሑፍ እንደሚሸከም እንጂ ራሱ እንደማይናገር በትሕትና አስረዱ።

“ሰሌዳ ሻይ ይጠጣል እንዴ?” አሉ እትዬ ፀዳለ፣ ፊታቸው ያለውን ብርጭቆ እያዩ። ጋሽ መርሻ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። “ይታሰርልኝ አላልኩም። ፊቱን ልየው ነው ያልኩት። መርዶ የሚነግር ሰው ፊት አለው፤ አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ያለቅሳል። የእኔ መርዶ ነጋሪ የት ነው ያለው?”

“መጠሪያውን ያስመዘገበው ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ስሙን አናውቀውም” አሉ ጋሽ መርሻ። “እውነቴን ነው፣ እመቤቴ፣ የለንም።”

እትዬ ፀዳለ ጽሑፉን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከመዝገቡ አውጥቼ አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

“ቡቹ የምንለው ቤት ውስጥ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ከሕንጻችን ሰው በቀር የሚያውቀው የለም።”

የሾፌሮችን ወሬ ሰምቶ፣ አምኖ፣ እውነተኛ ሐዘን ተሰምቶት የጻፈ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ክፋት መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም ግን ወጥቶ “እኔ ነኝ” አላለም። ያን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጸሐፊው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከእኛ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኩ ሲጮህም ከእኛው ጋር ወደኋላ ሸሽቷል።

ሰሌዳው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ጋሽ መርሻም አርፈዋል። እኔ አሁንም እዚያው የሰሚቱ ሕንጻ ነኝ። ሬዲዮ ላይ የተከራከሩት ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ሰሌዳውን ያቆመው ካልተጠበቀ ማንም ቦታ አይሰጥም፣ ጸሐፊው ካልታወቀ ደግሞ የተጎዳው ሰው የሚያየው ፊት የለውም። የምፈራው ግን ሕጉ የሚደርስበትን አይደለም።

አምና እናቴ ሞተች። ሥራ ቦታ ሳለሁ ነው ያረፈችው፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ በሰበብ ባሳደሩኝ በአክስቴ ቤት፣ የሕንጻችን ሰዎች በሙሉ መጥተው በወጉ አረዱኝ። ስወድቅ ያዙኝ። አንዱ ትከሻዬን፣ አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ግንባሬን ደግፎ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” አለኝ። እንዲህ በመደረጉ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ካነሱኝ እጆች አንዱ ያንን መርዶ የጻፈው እጅ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞከርኩ፤ ሁሉም ሞቃት ነበሩ።